እምቢ ስትል ማን ያምናታል?

ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ ጅማ፣ እናቴ ቤት ከርሜ ነበር። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው። ጅማ ዝናቡ ከያዘ አይለቅም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከእህቴ ልጆች ጋር ውሏቸው በረንዳ ላይ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቡና እየለቀምኩ ስሰማ ሰነበትኩ። ልጆች ትልቅ ሰው ሥራ ላይ ከሆነ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

ወሬው የተነሳው በለከፋ ነው። ልጄ እዚያው ጅማ መርካቶ ደርሳ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። መንገድ ላይ ልጆች ተከትለዋት "ቆንጆ፣ አናግሪን እንጂ" ብለዋታል። በዚያች በምትኮላተፈው አማርኛዋ "አልፈልግም" አለቻቸው። ሳቁ፤ ደግሞም ተከተሏት።

"አልፈልግም እያልኩ ለምን ይከተሉኛል?"

የእህቴ ልጅ፣ 12ኛ ክፍል ልትገባ ያለችው፣ "አልፈልግም ስላልሽ ነዋ!" አለቻት።

ልጄ አልገባትም። ያቺ ደግሞ አስተማሪ ሆና ቁጭ አለች። "ስሚ፣ እዚህ ሴት ልጅ ልጁን ብትወደውም በአንዴ እሺ አትልም። ካለች 'ቀላል ናት' ትባላለች፤ ራሱ ልጁም ይንቃታል። ስለዚህ መጀመሪያ እምቢ ትላለች። ስልክ አታነሳም። ትኮራለች። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አይለቅም። ታዲያ የምሯን እምቢ ያለችውን በምን ይለያታል?"

ቡናውን ትቼ ቀና አልኩ። እዚያው ከተማ አድጌ፣ እዚያው ተለክፌ፣ ነገሩን እንደዚህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኛ ጥፋቱን ሁሉ ለባለጌ ልጆች ሰጥተን ነው ያደግነው። ባለጌዎቹ አሉ፣ አልክድም። ግን ልጅቷ እሺ ስትል ስሟ የሚጠፋ ከሆነ፣ እምቢታዋ ድርድር መስሎ ቢሰማ ምን ይገርማል?

ትንሽ ወንድሟ እስከዚያ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። "እኛስ?" አለ። "አንዴ እምቢ ብላኝ ከተውኳት ጓደኞቼ 'አንተ ምን ዓይነት ወንድ ነህ?' ነው የሚሉኝ። መጀንጀን የሚያስተምረን ሞልቷል። መተውን ያስተማረን የለም። ያለን ቴሌግራም ነው።" ቴሌግራም ላይ ምን እንደሚያይ አልጠየቅኩትም። እናቱ ትጠይቀው።

እነሱ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ አለ። ጥሩ ነው፤ ግን የሚገቡት ሴቶች ብቻ ናቸው። እነሱ ራስን ስለመጠበቅ ሲማሩ ወንዶቹ ሜዳ ላይ ኳስ ያሳድዳሉ። የባዮሎጂው መምህር ደግሞ ስለ ሥነ ተዋልዶ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ "ይሄን ቤታችሁ አንብቡት" ብሎ አለፈው አሉ። ክፍሉ ሳቀ፣ ምዕራፉም በዚያው ቀረ።

ልጄ የእንግሊዙ የተሻለ ነው ትላለች ብዬ ስጠብቅ እሷም ማማረር ጀመረች። እንግሊዝ አገር ከመስከረም 2020 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ስለ ሰዎች ግንኙነት፣ ማለትም ስለ ጓደኝነትና ስለ ፍቅር፣ እንዲሁም ስለ ወሲብ ማስተማር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ነው። "ያስተምሩናል፤ ግን ስላይድ ያነቡልናል። መምህሩ ከእኛ በላይ ያፍራል። እስኪያስተምሩን ድረስ ደግሞ ሁሉም ነገር ስልካችን ላይ ደርሷል" አለች። ወንዶች ፎቶ ላኪ እያሉ ይለምናሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ሲሰለቻት የምትልክ አለች። ከዚያ ስክሪንሾቱ ይዞራል።

አላጋነነችም። በ2021 የአገሩ የትምህርት ተቆጣጣሪ ኦፍስቴድ 32 ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ሄዶ ከ900 በላይ ልጆችን አነጋግሮ ነበር። ከአሥር ሴት ልጆች ዘጠኝ ያህሉ ማየት የማይፈልጉት የብልግና ፎቶ ወይም ቪዲዮ እነሱ ወይም እኩዮቻቸው ዘንድ እንደሚላክ ተናግረዋል።

እናቴ ከውስጥ ስትሰማ ኖሮ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። "በእኛ ጊዜ ማን ጠይቆን?" አለች። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ የተጠለፈች አብሮ አደጓን አነሳች። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ ተጋቡ፤ ነገሩ አለቀ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ ይፈቅድ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ይህን ዘግቶታል፤ ሴት የጠለፈ ቢያገባትም ይጠየቃል፣ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል።

ይህን ስነግራቸው የእህቴ ልጅ ሰለቻት። "እትዬ፣ ስለ ጋብቻማ ሥነ ዜጋ ላይ ተምረናል። የማይነግሩን ከዚያ በፊት ያለውን ነው።"

የእህቴ ባል ማታ ሲገባ "ይሄ የፈረንጅ ትምህርት ነው" ብሎ ሊዘጋው ሞከረ። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ሙስሊም ጎረቤታችን ቀደመችኝ። "ኒካህ ሲታሰር ልጅቷ ትጠየቃለች፤ የምን ፈረንጅ ነው?" አለችው። መልስ አላገኘም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ምን ዓይነት ትምህርት እንዲሰጣቸው እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ግን አልተስማሙም። ልጁ ወንድና ሴት አንድ ላይ ይማር አለ፤ አለዚያ ሴቶቹ ምን እንደሚያስቡ መቼ ልሰማ? እህቱ መጀመሪያ ለየብቻ ትላለች፤ ወንዶች ፊት ጥያቄ የጠየቀች ልጅ እስከ ሰኔ መቀለጃ ናት። የተስማሙበት መምህሩ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ይሁን። "የኛ መምህር ከአባዬ ጋር አንድ ዕድር ናቸው" አለች። ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሳጥንም ይኑር። ትምህርቱም በ7ኛ ክፍል ይጀመር።

የእህቴ ልጅ ከ7ኛ ክፍል ይጀመር ያለችው በምክንያት ነው። ክፍሏ ውስጥ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። እናት አባት አጠገባቸው የለም፤ ቀደም ብለው ካልተማሩ የሚነግራቸው አያገኙም። አከራዩ፣ የአከራዩ ልጅ፣ ማታ የሚያደርሳቸው ባለባጃጅ፣ ሁሉም ለእነሱ ትልቅ ሰው ነው። ክበቡ የሚሰበሰበው ከትምህርት በኋላ ነው፤ እነሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት ሄደው ራት መሥራት አለባቸው። እኔ ብሆን ትምህርቱን በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ የማስገባው ለእነዚህ ልጆች ስል ነው።

በርሚንግሃም ስንመለስ የሐበሻ ወላጆች ግሩፕ ላይ አንድ ደብዳቤ ይዞር ነበር። ልጅዎን ከወሲብ ትምህርቱ ያስወጡ የሚል፣ ፈርሞ መላክ ብቻ የቀረው። ሕጉ ለወላጅ ይህን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ከግንኙነት ትምህርቱ ግን ማስወጣት አይቻልም፤ ልጁም 16 ዓመት ሊሞላው ሦስት ተርም፣ ማለትም አንድ የትምህርት ዓመት ያህል፣ ሲቀረው መማር ከፈለገ ራሱ ይወስናል። ልጄ እዚያ ዕድሜ ደርሳለች። ባለቤቴ ደብዳቤውን ወድዶት ስለነበር እሷኑ ጠይቃት አልኩት። ጠየቃት። "እማራለሁ፤ ግን መምህሩን ቀይሩልኝ" አለችው። አሁን ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የጠራው ስብሰባ ላይ ሁለታችንም ተመዝግበናል። እሱ ሊከራከር ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ ስለ መምህሩ ልጠይቅ።