«ዘይት በዝቶበት የሞተ ሞተር አላየሁም»

የባለቤቴ አጎት አዲስ ማሽን የገባበት ቤት ሳይጠሩ ይመጣሉ። ማን እንደሚነግራቸው እንጃ። የሳር ማጨጃዋን ከካርቶን እንዳወጣናት በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ነው የገቡት።

አዲስ ማጨጃ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ሳይሞላበት ነው የሚመጣው። የኛዋም እጀታዋ ላይ «ከማስነሳትዎ በፊት ዘይት ይሙሉ» የሚል ትልቅ ወረቀት ተንጠልጥሎባታል። መመሪያው ላይ የተጻፈው ልክ 0.55 ሊትር ነው። የተገዛው ዘይት ደግሞ ባለ 1 ሊትር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ለኔ ግማሹ ይሞላል፣ ግማሹ ይቀመጣል። ለጋሼ ግን ሊትር ሆኖ የታሸገው ሊትር ስለሚያስፈልግ ነው።

«ጋሼ፣ መመሪያው እኮ...»

«ልጄ፣ ወረቀት ሞተር አስነስቶ ያውቃል? ዘይት አንሶት የተቃጠለ ሞተር ስንት አይቻለሁ። ዘይት በዝቶበት የሞተ ግን አላየሁም።»

ግማሹ እውነት መሆኑ ነው ክርክሩን ያከበደው። ዘይት ያነሰው ሞተር ብረት ከብረት ይፋጭበታል፣ ይግላል፣ ብሎም ተጣብቆ ይቀራል። ፒስተኑን የሚይዘው ብረት፣ ቢዬላው፣ የሚሰበርበት ጊዜም አለ። ይህን ያየ ሰው ዘይት ቢያበዛ አይፈረድበትም።

እኔ ግን መመሪያዬን ያዝኩ። ማሽኗን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምኳት። ግማሽ ሊትር ገደማ ጨመርኩና ወደ ታች እስኪወርድ ጠበቅኩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ በጨርቅ ጠርጌ ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ዝቅ ብሎ ቆሟል። በቃ፣ ሞልቷል ማለት ነው። ይሄኔ ስልክ ተጠራና ወደ ቤት ገባሁ።

ስመለስ ጋሼ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው የመጨረሻዋን ጠብታ እያንጠባጠቡ ነው።

«ጨረስኩልህ» አሉኝ። ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ታውቃላችሁ አይደል?

ይቀነስ ብል ማን ሊሰማኝ። የማስነሻውን ገመድ ራሳቸው ያዙት። ሳቡት፣ አልሳብ አለ። እግራቸውን አንፈራጠው ደገሙት። «ወይ ጉልበት! ይሄ ነው ሞተር ማለት!» አሉ በኩራት። በመጨረሻ ተነሳች።

ጭሱን እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ። ነጭ ነው፣ ሰማያዊም አለበት፣ ወፍራም ነው። ዘይት ከልኩ ሲያልፍ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት እየመታ አረፋ ያደርገዋል። ከዚያ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል አየርና ቤንዚን ወደሚደባለቁበት ካርቡሬተር ይሳብና ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ጎረቤት ግን ይህን ሁሉ ከየት ይወቅ? አንዱ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ አጥር ሊዘል ምንም አልቀረውም። የልብስ ማስጫው ከነልብሱ ከዓይን ተሰወረ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ አጎቷን አየች፣ እኔን አየች፣ መስኮቱን ዘጋች።

ሞተሩን አጥፍተን ሳንጨርስ ግቢው በባለሙያ ተሞላ። አንዱ «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» አለ። ሌላው «የፒስተን ቀለበት በልታለች» ብሎ ፈረደ። ከካርቶን የወጣችው ዛሬ! መቼ ደርሳ ነው የምትበላው? መመሪያውን አንስታ ያነበበችው የጎረቤት ልጅ ብቻ ነበረች። «ዘይት በዝቶባታል» አለች። ማንም አልሰማትም።

ጋሼ ግን ሰምተዋታል መሰለኝ። ድምፃቸውን አጥፍተው ሄዱና፣ «ትርፉን እንድፋው» ብለው ማሽኗን በጎኗ ገለበጧት። ማጨጃ ሲጋደም ካርቡሬተሩና የአየር ማጣሪያው ያሉበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት። እሳቸው የመረጡት ሌላኛውን ነው። ዘይቱ መንገድ እንዳገኘ ጎርፍ ወደ ማጣሪያው ገባ። የወረቀት ማጣሪያ ዘይት ከጠጣ በኋላ ታጥቦ አይድንም፤ አዲስ መግዛት ነው።

ከዚህ በኋላ ቁልፉን ተቀበልኳቸው። እሳት የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈታሁ፣ እሱም በዘይት ተለውሷል። ሲሊንደር ውስጥ የገባውን ለማስወጣት ካንዴላው እንደተፈታ ገመዱን መሳብ ነው። ቀዳዳው ፊት ለፊት ግን መቆም አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉ።»

«ልየው እንጂ፣ በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

በየት በኩል እንደሚወጣ አዩ። ሸሚዛቸውም አየ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ሥራ ነው። ትርፉን ዘይት በትክክለኛው ጎን አጋድሜ በዕቃ ተቀበልኩ። ካንዴላውን ጠርጌ መለስኩ፣ አዲስ ማጣሪያ ገባ። ልኬቱ ላይ ግን ሌላ ጦርነት ተነሳ። ባለ ባልዲው ጎረቤት መለኪያው በጥርሱ ዞሮ ካልታሰረ ልኬቱ ውሸት ነው ይላል። ጋሼ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እንደ ሞተሩ ይለያያል። የኛዋ መመሪያ ሳይታሰር ይለካ ይላል። ጋሼ በዚህ ያገኙትን ደስታ መናገር አልችልም። የቀኑን ጥፋት ሁሉ ያጠበላቸው ይመስል ነበር።

ስናስነሳት የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪነድ ትንሽ ጨሰች፣ ከዚያ ጠራች። ሰፈሩ ውስጥ የቀረው ወሬ ግን ሌላ ነው፦ ጭስ በጭስ ሆና የነበረች ማሽን ጋሼ አዳኗት። ጥገና የሚለምናቸው ሰው በዛ። በቀደም ከአንድ ዘመዳችን ቤት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የዚችኛዋ መለኪያ የት ጋ ነው? ዞሬ ዞሬ አጣሁት።»

ምን ዓይነት እንደሆነች ጠየቅኳቸው። በትከሻ የምትንጠለጠል፣ ቱ ስትሮክ የሳር መቁረጫ ናት።

«ጋሼ፣ እሷ መለኪያ የላትም። ለብቻው የሚሞላ ዘይትም የላትም። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚደባለቀው።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»