ፖሳኞ፦ የነገሥታቱ ጄሶ

ከባሳኖ ዴል ግራፓ አውቶቡስ ይዤ ፖሳኞ ገባሁ። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ ከግራፓ ተራራ ሥር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ቀራፂው አንቶኒዮ ካኖቫ በ1757 የተወለደው እዚህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የናፖሊዮንን ቤተሰብ በእብነ በረድ የቀረጸው እሱ ስለሆነ፣ የመጣሁት እነዚያን ፊቶች ለማየት ነው።

እብነ በረዶቹ በየአገሩ ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ተበትነዋል። ፖሳኞ የቀረው ጄሶው ነው። ካኖቫ በ1822 ሲሞት የእናቱ ልጅ የሆነው ወንድሙ ሮም የነበረውን የሥራ ቤት ዕቃ ወደዚህ አስመጣ፤ አዳራሽም አሠራለት። በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ መድፍ አዳራሹን መትቶ ብዙውን ሰባብሮታል። አሁን የሚታየው ተጠግኖ ነው።

ጠጋ ብዬ ሳይ ጄሶዎቹ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ለካ ምስማር ነው! ግንባር ላይ፣ ጉንጭ ላይ፣ አገጭ ላይ ተተክሏል። ካኖቫ መጀመሪያ በጭቃ ይሠራል። ጭቃው ወደ ጄሶ ይገለበጣል። ከዚያ ረዳቶቹ ምስማር ይተክሉና፣ ከአንዱ እስከ አንዱ ያለውን ርቀት በኮምፓስ እየለኩ ድንጋዩን በመሮ ይፈለፍላሉ። የመጨረሻውን እጅ፣ ቆዳው ቆዳ የሚመስልበትን ሥራ፣ የሚሠራው ራሱ ነው፤ ማታ ማታ በሻማ ብርሃን ጭምር። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ጄሶውን ከእብነ በረዱ አስበልጬ ወደድኩት። እብነ በረዱ ያለቀለት ነው። ጄሶው ላይ ግን ሰዎቹ ሲለኩ፣ ሲያስቡ ይታዩኛል።

ብዙ የቆየሁት የኔፕልስ ንጉሥና ንግሥት ጋ ነው፤ ዦአኪም ሙራና ካሮሊን። ሁለቱም በ1813 የተሠሩ ናቸው። ካሮሊን የናፖሊዮን የመጨረሻ እህት ናት። ሙራ ደግሞ የገጠር ማደሪያ ቤት ባለቤት ልጅ ነበር፤ ፈረሰኛ ወታደር ሆኖ ጀምሮ በ1808 ነገሠ። ጥቅልል ጸጉሩን አይቼ አልጠገብኩም። አለባበሱን በጣም የሚወድ ሰው እንደነበር ጄሶው ራሱ ይናገራል።

ይህ ፊት ከተሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1815፣ ሙራ ዙፋኑን ለማስመለስ ሲሞክር ፒዞ በምትባል የደቡብ ጣሊያን ከተማ ተይዞ ተረሸነ። ተኳሾቹን «ፊቴን ተዉት፣ ልቤን ምቱ» ብሏቸው ነበር ይባላል።

ከአዳራሹ ወጥቼ የካኖቫን የልደት ቤት አየሁ። ግቢው ደስ ይላል። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጊዜ ነበረኝና ተመልሼ ገባሁ። ሙራን እንደገና ላየው።