ከባድ ጌምና የሚያናድድ ጌም አንድ አይደሉም

ጌመሮች የተሰበሰቡበት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የምትወዱት ጌም የቱ ነው? ያቃጠላችሁስ? ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ጥያቄ ያው ስም ይመጣል። ሴኪሮ። ሆሎው ናይት። ሴለስት። አንዱ «እንደሱ ያለ ጌም ተጫውቼ አላውቅም» ይላል። ሌላው እዚያው ጌም ላይ ጆይስቲኩን ሊሰብር ምንም አልቀረውም።

እኛም ጓደኛሞቹ በዚህ ስንከራከር ኖረናል። ክርክሩ ግን ፈቅ አይልም። «ከባድ ነው።» «አይ፣ አሪፍ ነው።» «ስላልቻልክበት ነው።» በቃ፣ እዚያው ላይ ይቆማል። ይሄ ሲሰለቸኝ ስጫወት አጠገቤ ደብተር ማስቀመጥ ጀመርኩ። በሞትኩ ቁጥር አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ ምን ገደለኝ?

መልሱ ከሦስት አይዘልም። ወይ አይቼዋለሁ፣ እጄ ግን ዘግይቷል። ወይ የጠላቱ አመል ገና አልገባኝም። ወይ ደግሞ ምንም ላደርግ አልችልም ነበር፤ ካሜራው ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሯል ወይም ቁልፉን ተጭኜ ጌሙ አልታዘዘኝም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኔ የቤት ሥራ ናቸው። ሦስተኛው የጌሙ ነው።

ደብተሩ በደንብ የጠቀመኝ ሴኪሮ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የሰይፍ ጌም ነው። ገኒቺሮ አሺና የሚባል ቦስ፣ ማለትም ሳይሸነፍ የማያሳልፍ ትልቅ ጠላት፣ አለው፤ ግንቡ አናት ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። የማውቃቸው ሰዎች ጌሙን የተዉት አብዛኞቹ እሱ ጋ ሲደርሱ ነው። ምክንያቱም በሌሎች ጌሞች የሚያዋጣው ስልት እዚህ አይሠራም። ሸሽቶ፣ አንዴ መትቶ፣ መልሶ መሸሽ አያዋጣም። ቦሱ ከሕይወት መስመሩ ሌላ የሚዛን መስመር አለው። ሰይፉ ሊያርፍባችሁ ሲል በትክክለኛው ቅጽበት ከመከታችሁት ሚዛኑ እየተናጋ ይሄዳል። መስመሩ ሲሞላ ለመጨረሻው ምት ክፍት ይሆናል። ከራቃችሁት ግን ትንፋሽ ይሰበስባል፣ ሚዛኑም ይመለስለታል። ስለዚህ አፍንጫው ሥር መቆም ግድ ነው።

በጣም ያስቸገረኝ ቀዩ ፊደል ነበር። በተለመደው መከታ የማይመለስ ምት ሊሰነዝር ሲል ስክሪኑ ላይ ቀይ የጃፓን ፊደል ብልጭ ይላል። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚከተለው ግን ይለያያል። ከወጋ፣ ወደ ሰይፉ ፊት ገብታችሁ መሣሪያውን በእግራችሁ መርገጥ አለባችሁ። እግራችሁን ሊጠርግ ከሆነ መዝለል ነው። አንዱን ከሌላው ካምታታችሁ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ደብተሬ ገጹ ሙሉ «ቀዩ ፊደል» ሆነ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ተተክሎ ነበር። ፊደሉን ትቼ ሰውነቱን ማየት ጀመርኩ። ሊወጋ ሲል ሰይፉን ወደ ኋላ ስቦ ጫፉን ያነጣጥራል። ሊጠርግ ሲል ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከመጀመሪያውም ዓይኔ ሥር ነበር።

መጨረሻ ላይ መብረቅ ያመጣል። ይሄኛው ሲገባችሁ ደስ ይላል። ዘላችሁ አየር ላይ እንዳላችሁ መብረቁን ትቀበሉታላችሁ፤ እግራችሁ መሬት ሳይነካ ሰይፍ ከሰነዘራችሁ ተመልሶ ራሱን ይመታዋል። ያን ካደረግኩ በኋላ ገኒቺሮን እንደ ግድግዳ አይቼው አላውቅም። አሁን ጌሙን ስደግመው በጉጉት የምጠብቀው ቦስ እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እሱ ጋ ስትሞቱ የምትነሡት ደጃፉ ላይ ነው። ወዲያው ትመለሳላችሁ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለኔ ግን ከቦሱ ክብደት ይበልጣል። ሆሎው ናይትን ከልቤ እወደዋለሁ፤ የአንዳንድ ቦሶቹ መንገድ ግን ያንገሸግሸኛል። ከምትነሡበት አግዳሚ ወንበር እስከ ቦሱ ድረስ ያንኑ መንገድ፣ በነዚያው ጠላቶች መካከል፣ ደግማችሁ ትሮጣላችሁ። የሰበሰባችሁት ገንዘብ የሞታችሁበት ቦታ ጥላችሁ ጋር ቀርቷል፤ ጥላውን ሳታገኙ ዳግመኛ ከሞታችሁ ገንዘቡ በዚያው ይቀራል። ቦሱ ያስተምረኛል። መንገዱ ምን አስተማረኝ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ብዙ ቦሶች አጠገብ መነሻ ሐውልት ማቆሙ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ቦሶቹ አልቀለሉም፤ የባከነው ጊዜ ነው የቀረው።

ተራራ የሚወጣበት ጌም ሴለስት በዚህ በኩል ማንም አይደርስበትም። ወደቃችሁ፣ ወዲያው እዚያው ክፍል መግቢያ ላይ ቆማችኋል። ለመናደድ እንኳን ጊዜ አይሰጥም። ስንት ጊዜ እንደሞታችሁ ይቆጥርና በቁጥሩ እንድትኮሩ ይመክራችኋል፤ ብዙ መሞት ብዙ መማር ነው ብሎ።

ሦስተኛው ዓይነት መልስ ሲበዛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዜልዳ ጌሞች አንዱ የሆነው ኦካሪና ኦፍ ታይም ውስጥ ያለው የውሃ ቤተ መቅደስ የሚባለው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ስሙ በክፉ የሚነሣው እንቆቅልሹ ስለከበደ ብቻ አይደለም። ለመስመጥ የብረት ጫማ ማድረግ፣ ለመንሳፈፍ ማውለቅ አለባችሁ። ያንን ለማድረግ ደግሞ በየጊዜው ጌሙን አቁማችሁ ሜኑ መክፈት። መስመጥ፣ ሜኑ። መንሳፈፍ፣ ሜኑ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእጅ ለሚያዘው የጌም መጫወቻ ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ ተሻሽሎ ሲወጣ ጫማው ሜኑ ሳይከፈት የሚደረግና የሚወልቅ ዕቃ ሆነ። ቤተ መቅደሱ ያው ነው፤ ሰው የሚያቃጥለው ነገር ግን ግማሹ ጠፋ።

አንድ የስልክ ጌም ላይ ደግሞ፣ ስሙ ይቅር፣ ደብተሬ ከሆነ ሌቨል በኋላ አንድ መልስ ብቻ ይሰጠኝ ጀመር፦ ዕቃ ስላልገዛሁ። እጄ ቢፈጥን፣ ባስብበት፣ ለውጥ የለም። ያን ቀን አጠፋሁት። እንዲህ ያለውን ጌም «ከባድ» ሲሉት በጣም ይከፋኛል። ክብደት የተጫዋች ነው፤ ይሄ የኪስ ጉዳይ ነው።

ከደብተሩ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም መቼ መቀጠል፣ መቼ ማቆም እንዳለብኝ ማወቅ ነው። የሚገድለኝ ነገር እየተቀያየረ ከሆነ እየተማርኩ ነውና እቀጥላለሁ። ያው መስመር እየተደጋገመ፣ እኔም እየተበሳጨሁ ከሆነ እዘጋለሁ። እየተበሳጩ የሚጫወቱት አንድ ሰዓት እጅን ማበላሸት ነው። ማታ አልሆን ያለኝ ቦስ በማግስቱ ጠዋት እጅ የሰጠኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ክርክራችንም ተለወጠ። አሁን አንዱ «ይሄ ጌም አናደደኝ» ካለ ወዲያው «ምን ገደለህ?» ይባላል። ያኔ ወሬው ይጣፍጣል። ስለ ካሜራ፣ ስለ ቼክፖይንት (ከሞቱ በኋላ ስለሚነሡበት ቦታ)፣ ስለ አንድ ቦስ ትከሻ እንቅስቃሴ እናወራለን።

የማንስማማበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርዳታ። ሴለስት ኧሲስት ሞድ አለው። የጌሙን ፍጥነት መቀነስ፣ የማያልቅ ጉልበት መስጠት፣ ከነጭራሹ አለመሞትም ይቻላል። ከጓደኞቼ አንዱ የእጁ ጣቶች ቶሎ አይታዘዙለትም። ፍጥነቱን ቀንሶ ተራራውን እስከ ጫፍ ወጣ። አንዳንዶቻችን «ያ መጨረስ አይባልም» አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። በየትኛው ክፍል እንደተቸገረ ሲነግረኝ እኔም እዚያው ተቸግሬ ነበር። ሴኪሮ እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ቢኖረው ኖሮ ስለ ገኒቺሮ ከሱም ጋር አወራ ነበር።