0.4 ሰከንድ

ዛሬ አንድ ጓደኛዬ ሊያርፍ ሲል የተከሰከሰ የጦር ጄት ቪዲዮ አሳየኝ። "ቀደም ብሎ ለምን አልዘለለም?" አለኝ። ቪዲዮውን አቁሞ ነው እንግዲህ የሚጠይቀኝ!

እኔ ወዲያው ትዝ ያለችኝ ካራ ኸልትግሪን ናት። በአሜሪካ ባህር ኃይል የኤፍ-14 ተዋጊ ጄት የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ። ኦክቶበር 25፣ 1994 (እ.ኤ.አ.) አብርሃም ሊንከን በተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ልታርፍ ስትቃረብ የማረፊያውን መሃል መስመር አለፈችው። ልታስተካክል ስትሞክር የግራ ሞተሩ አቅም አጣ። ጄቱ ወደ ግራ መገልበጥ ጀመረ። ለማረፍ ሲቃረቡ ደግሞ ከፍታም ፍጥነትም የለም፤ ስህተት የሚታረምበት ቦታ የለም።

ከኋላዋ የነበረው መኮንን የመውጫውን እጀታ (ወንበሩን ከነሰው ከጄቱ የሚያስወነጭፈውን) ሳበ። እጀታው ሁለቱንም ነው የሚያወጣው። ግን አየር ላይ እንዳይጋጩ የኋላው ይቀድማል፤ የፊቱ በ0.4 ሰከንድ ይከተላል። እሱ ተረፈ። የእሷ ተራ ሲደርስ ጄቱ ከ90 ዲግሪ በላይ ዞሮ ነበር። ወንበሩ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ባህሩ ወነጨፋት። 29 ዓመቷ ነበር።

ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያለቀ ነገር፣ ክርክሩ ግን ዓመታት ፈጀ። ገሚሱ ሞተሩን፣ ገሚሱ እሷን ወቀሰ። ይባስ ብሎ "ሴት ስለሆነች አድልተው ነው ያሳለፏት" የሚል ወሬ ተነዛ። (ወንድ አብራሪ ሲሞት ስለ ወንድነቱ የሚያወራ ሰምቼ አላውቅም።) ያ የሞተር ዓይነት ግን ከእሷ በፊትም በዚሁ ችግር የሚታማ ነበር።