ቀዩ መስመር
ዛሬ ስለ አዲሱ አውራ ጎዳና በተጠራው የሕዝብ ውይይት ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ወገቤን!

መሐንዲሱ ካርታ ላይ ቀይ መስመር አሳየን። ረግረጉን ለሁለት ይከፍለዋል። «ባዶ መሬት ነው» ሲል አንዲት እናት ተነሡና «ታዲያ ጎርፉን ማን ነው የሚጠጣልን?» አሉት። ዝም።

መንገድ ጠልቼ አይደለም፤ ትራፊክ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ግን መንገድ ሲሰፋ መኪናውም ይበዛል፣ መጨናነቁ ይመለሳል። ደግሞስ ለተፈጥሮ ሲባል መንገድ ይቀራል፤ የምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት እኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል የታሰበውን አስፋልት አግዷል። ዊልደቢስት የሚባሉት የዱር እንስሳት በመንጋ በየዓመቱ የሚሻገሩበት ምድር ነው።

እጄን አውጥቼ «ረግረጉን የሚዞር አማራጭ ተጠንቷል ወይ?» አልኩ።

«አባሪው ላይ አለ» ተባልኩ።

አባሪው ግን ለማናችንም አልታደለም።