የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ አላስገባም ያለው ድረ ገጽ

የመሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ ሶፍትዌር ትናንት ማታ ከታደሰ ወዲህ፣ ዛሬ ጠዋት በርካታ ባልደረቦቻችን ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ቢያስገቡም ገጹ አንዳች የስህተት መልእክት ሳያሳይ ወደ መግቢያው ይመልሳቸው ነበር። ሁሉም የይለፍ ቃሉን ለመቀየር ተሯሯጠ፤ ሆኖም ሆን ብለን የተሳሳተ ቃል ስናስገባ «የይለፍ ቃልዎ ትክክል አይደለም» ስላለን፣ እንከኑ ሌላ ቦታ እንደሆነ ግልጽ ሆነ። ክሮም ላይ ኤፍ 12ን ተጭኜ የተቀመጡትን ኩኪዎች (ድረ ገጹ ማን እንደገባ ለማስታወስ ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጣቸውን ትንንሽ መረጃዎች) ስመለከት፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ኩኪዎች አገኘሁ፤ አንደኛው ከእድሳቱ በፊት ለዋናው ዶሜይን (ለድረ ገጹ ዋና አድራሻ)፣ ሌላኛው ዛሬ ለንዑስ ዶሜይኑ (በዋናው ሥር ላለው አድራሻ) የተሰጠ ሲሆን፣ ብሮውዘሩ ሁለቱንም አብሮ ሲልክ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) የሚያነበው አሮጌውን ስለነበር እንዳልገባን ይቆጥረን ነበር። የዚያን ድረ ገጽ ኩኪዎች ብቻ ማጥፋት በቂ ነው፤ ብዙዎች እንደሚመክሩት የብሮውዘሩን ታሪክ በሙሉ መደምሰስ ከንቱ ድካም ነው። የሁሉንም ሰው ኮምፒውተር መዞር ስለማይቻል ግን፣ አሮጌው ኩኪ ከእንግዲህ እንዳይነበብ ባለሙያዎቹ ከሰዓት በኋላ የኩኪውን ስም በሰርቨሩ ላይ ቀየሩት።