ዋጋ የሰጠንበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ በህይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤት ዋጋ ሰጠን። ነገሩ ገና አላለቀም፣ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

እኔና ባለቤቴ ጅማ ውስጥ ዘጠኝ አመት ተከራይተን ኖረናል፣ አራት ቤት ቀያይረናል። ያሁኗ አከራያችን ክፉ ሴት አይደለችም፣ ልጄ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲመታ ግን በመስኮት ብቅ ትልና ዝም ብላ ታየዋለች፣ አንድ ቃል አትናገረውም፣ እሱ ግን ኳሱን አቅፎ ይገባል። ስድስት አመቱ ነው። አንድ ቀን እንደዛ ሲገባ አየሁትና እቁቡ ሲደርሰኝ ለሱቁ እቃ አላመጣበትም፣ በቃ ለቤት ነው አልኩ።

ቤቱ ቦሳ ኪቶ ነው። 200 ካሬ ላይ ያረፈ ባለ ሶስት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ከኋላው ማድቤትና ሁለት ሰርቪስ፣ በር ላይ ትልቅ አቮካዶ። በወረቀት ደረጃ ምንገዛው ቤቱን ነው፣ መሬት የመንግስትና የህዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ ግን ሁሉም ሰው ዋጋውን ሚያወጣው ቦታውን አይቶ እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ያየነው ሚያዝያ ላይ ነበር፣ ፀሃይ ነው፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ ወደድነው። አማቴ ግን "ቤት በሐምሌ ነው ሚታየው" አለችን። ደላላው ሌላ ገዢ ሊወስደው ነው እያለ በቀን ሶስቴ ይደውላል፣ እኛ ግን ጠበቅን፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜ ስንሄድ ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። መኝታ ቤት ገባሁና ከቁምሳጥኑ ኋላ እጄን አስገብቼ ግድግዳውን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው፣ ይለጠፋል፣ እጄን ሳወጣ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ጣቴ ላይ ቀረ። ጉልበቴ ድረስ እርጥበቱ ወጥቷል። ያ ማለት ውሃው ከስር ነው ሚመጣው፣ ከጣራ ቢሆን ቆርቆሮ መቀየር ነበር። ለባለቤቴ በአይኔ አሳየሁት፣ እሱም ገብቶት ነበር።

ከመግባታችን በፊት ባጃጅ ውስጥ ተነጋግረናል። ሻጮቹ 2.8 ሚሊዮን ብር ብለዋል፣ እኛ ከ2 ሚሊዮን እንጀምራለን፣ መጨረሻችን 2.3 ነው፣ ከዛ አንዲት ብር የለም። ሁለታችንም እሺ ብለናል።

ሳሎን ስንገባ ሻጯ እናትየዋ ቡና አፍልተው ጠብቀውናል። ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን ራሳቸው ቀዱልን። "ልጆቼ ናችሁ፣ ለናንተ ብዬ 2.6 ይሁን" አሉ። ባለቤቴ 2 አለ፣ 2.2 አለ፣ እሳቸው ዝም አሉ፣ ሁለተኛውን ሲኒ ሰጡት። ከዛ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ "2.5"። ወደኔ እንኳን አልዞረም። ሲኒዬን ይዤ ቀረሁ፣ ሰው ፊት ባሌን ላርመው አልቻልኩም፣ ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ።

ደላላው ወዲያው "እንግዲህ ቀብድ 200 ሺህ ዛሬውኑ" አለ። እሱ ነው ያነቃኝ። "ካርታው በማን ስም ነው?" አልኩ። በሟች ባላቸው ስም። ባለድርሻዎቹ እናትየዋና አራት ልጆቻቸው ናቸው፣ አንዷ ልጅ ጅዳ ናት፣ ውክልና አልላከችም። የወራሽነት ማስረጃም ገና ከፍርድ ቤት አልወጣም። ስለ ቀብድ አጎቴ ሲያወራ እሰማ ነበር፣ በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሰጪው ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባይ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግን ከኚህ እናት እጥፍ ልጠይቅ ፍርድ ቤት ልቁም? የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሁፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ወይ ፍርድ ቤት ፊት ካልተፈረመ አይጸናም፣ አንዷ ወራሽ ሳትፈርም የሰጠነው ብር ሲንከራተት ይኖራል። በትህትና "እማማ፣ ወረቀቱ ይሟላና እንመጣለን" ብዬ ተነሳሁ። ደላላው ፊቱ ጠቆረ። እሳቸው ግን "ልክ ነሽ ልጄ" አሉኝ፣ ይሄን መቼም አልረሳውም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አልተነጋገርንም። ማታ ልጁ ሲተኛ ጠየቅኩት። "ቡናቸውን እየጠጣሁ መቶ ሺህ ለመቶ ሺህ መከራከር አሳፈረኝ" አለ። አመንኩት፣ ይሉኝታ ሚያሸንፈው ሰው ነው፣ ያገባሁትም ሲጀመር ለዛ ነው። ግን 200 ሺውን ከየት ልታመጣው ነበር ስለው ሞተሩን አለ። ሞተሩን! በሱ ነው እየዞረ ከገበሬ ቡና ሚሰበስበው፣ ጥቅምት ላይ ቡና ሲደርስ በእግሩ ሊሄድ ነው? አለቀስኩ፣ ስለ ብሩ አይደለም፣ ብቻውን ወስኖ ብቻውን ሊሸከመው ስለነበረ ነው።

ሰኞ ግንበኛ ይዞ ሄዶ ግድግዳውን አሳየው። ከስር ቆፍሮ ድንጋይ መደርደርና ውሃውን በቦይ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ወደ 120 ሺህ። እኔ ይሄን ይዘን 2.4 እንበል አልኩ፣ እሱ የተሰጠ ዋጋ አይታጠፍም አለ። ሁለት ቀን ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ሁለታችንም ምንችለው ነገር ላይ ደረስን፦ ዋጋው 2.5 ይቁም፣ የስም ማዛወሪያው ወጪ በነሱ ይሁን፣ ቀብድ ሚከፈለው አምስቱም ሲፈርሙ ወይ የጅዳዋ ውክልና ሲደርስ ብቻ። ሞተሩ አይሸጥም። የሰርጌ ወርቅ ይሸጣል፣ እሱ አልፈለገም ነበር፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ወርቁን አመት በአል ካልሆነ አላደርገውም።

ዛሬ ከሰአት እናትየዋ ራሳቸው ደወሉ፣ ደላላውን ትተው። ልጅቷ ቆንስላ ቀጠሮ ይዛለች አሉ። "ዋጋችሁ እንዳለ ነው?" ሲሉ ባለቤቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ወደኔ ዞረ፣ እኔ እስክናገር ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።